ቢግለርቪል፦ አፕል በበረዶ ወራት

ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል የነዳ ሰው ፔንስልቬንያ፣ አዳምስ ካውንቲ ይደርሳል። አብዛኛው መንገደኛ ጌቲስበርግ ላይ ይቆማል፤ የ1863ቱን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጦር ሜዳ አይቶ ይመለሳል። እኔ በፌብሩዋሪ ከተማዋን አልፌ ቢግለርቪል ገባሁ። እዚያ ኮረብታው ሁሉ አፕል ነው። ያገሬ ልጆች የሚሄዱት ፍሬው ሲለቀም ነው። እኔን ግን ሁሌም የሚያሳስበኝ ዊንተሩ ነው። ድሮ መብራት ሳይገባ፣ አንድ ቤተሰብ እነዚያን ወራት እንዴት ያሳልፍ ነበር?

አንድ አዛውንት ገበሬ መሰላል ላይ ሆነው ቅርንጫፍ ሲገርዙ አገኘኋቸው። ሰላም ስላቸው ወርደው ያጫውቱኝ ጀመር። ዛፉ የሚገረዘው ቅጠሉ ረግፎ ሳለ ነው። ፀሐይ እንዲገባው መሀሉን ይከፍቱታል። በአባታቸው ጊዜ አዋቂዎቹ ዊንተሩን ሙሉ መጋዝ ከእጃቸው አይለይም ነበር። የልጆቹ ሥራ ደግሞ በረዶ መርገጥ ነው! አይጥ በበረዶው ሥር ሥር ሄዳ የግንዱን ልጣጭ ትግጣለች። ልጣጩ ዙሪያውን ከተበላ ዛፉ አለቀለት። በረዶው ተረግጦ ከጠጠረ ግን መተላለፊያ ታጣለች። ስለዚህ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በየግንዱ እየዞሩ ይረግጣሉ። ለጥንቸሎቹ የተገረዘውን ቅርንጫፍ እዚያው ይተዉላቸዋል፤ እሱን እየጋጡ ግንዱን እንዲምሩት።

ምድር ቤቱንም አሳዩኝ። ግድግዳው ድንጋይ፣ ወለሉ አፈር ነው። የአፕሉ በርሜል እዚህ ይደረደር ነበር። ብርዱ ሲከፋ ውሃ የሞላ ገንዳ መሀል ያስቀምጣሉ። ውሃው ወደ በረዶ ሲለወጥ ሙቀት ስለሚለቅ ፍሬው ይተርፋል። ማታ ማታ በፋኖስ ፍሬውን አንድ በአንድ እያገላበጡ ይለቅማሉ፤ አንዱ ከበሰበሰ ሌላውን ይዞ ይሄዳልና። ደህናው ለገበያ፣ ነካ ያለው ለቤት። ዊንተሩን ሙሉ የሚበሉት የተበላሸውን ብቻ እንደነበር ነገሩኝ። ይሄ ልቤን ነካው። የእኛስ ገበሬ እንቁላሉን ሸጦ ሽሮ ይበላ የለ?

ያኔ ከሁሉ የሚወደደው ዮርክ ኢምፔሪያል የሚባለው ዝርያ ነው። ወደ ጎን ዘመም ያለ፣ ለዓይን የማይስብ አፕል ነው፤ ግን ለወራት ይቆያል። የተገኘው በ1800ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ዮርክ ከተማ አጠገብ ነው። ተማሪ ልጆች ብርዱ ሲያልፍ ወደ አንድ ዛፍ እየሄዱ ቅጠል ሥር የከረመ አፕል ፈልፍለው ሲበሉ ባለ እርሻው አየ ይባላል። ዝርያው የተባዛው ከዚያ ዛፍ ነው።

ብርዱስ ዛፉን አይጎዳውም ወይ? ብዬ ጠየቅኩ። እንዲያውም ይፈልገዋል። ብዙዎቹ ዝርያዎች በደንብ እንዲያብቡ 1,000 ሰዓት ገደማ ብርድ ያስፈልጋቸዋል። ጨንቻ ላይ አፕል ሲለማ ቅጠሉ በእጅ የሚረገፈውም ለዚህ ነው፤ የእኛ ደጋ ያን ያህል አይበርድም።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ቢግለርቪል ውስጥ በድሮ ጎተራ የተከፈተ የአፕል ሙዚየም አለ። በብርዱ ወራት ስለማይከፈት እሱን ለሰመር ተዉት። የገረዛውን ሥራ ለማየት ግን ፌብሩዋሪ ጥሩ ነው። ቦት ጫማ አድርጉ፤ እርሻ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ።