ፖሊመር ክሌይ ስትመርጡ ለስላሳነቱ አያታልላችሁ

ፖሊመር ክሌይ፣ ማለትም በእጅ ተቀርጾ ምድጃ ውስጥ ተጋግሮ የሚጠነክር የቅርጽ መሥሪያ፣ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ እሽጉን በጣቱ ይጫናል፤ ለስለስ ካለ ይወስደዋል፣ ጠንከር ካለ ይመልሰዋል። ይህ ክሌዩ ማርጀት አለማርጀቱን ይነግራል። ከተጋገረ በኋላ ይሰበር እንደሆነ ግን አይነግርም። እንዲያውም ለእጅ በጣም ከሚመቹት አንዳንዶቹ ከምድጃ ሲወጡ ቶሎ ተሰባሪ ናቸው።

ክሌይ ይባል እንጂ አፈር የለበትም። ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ብናኝ፣ ፕላስቲሳይዘር የሚባል ማለስለሻ እና ቀለም ነው። አየር ላይ ቢቀመጥ አይደርቅም። ሲሞቅ ብናኙ ማለስለሻውን መጥጦ እርስ በርሱ ይዋሃዳል። ሙቀቱ ካነሰ ውህደቱ ጎዶሎ ይቀርና ዕቃው ላይ ላዩን ጠንካራ ቢመስልም በትንሽ ጫና ይፈረካከሳል።

ስለዚህ ከሥራው ተነሡ። ገበያ ላይ ካሉት ምርቶች ስካልፒ 3 የሚባለው ያለ ድካም ይታሻል፤ ለልጆችና ለድቡልቡል ዶቃ ይሆናል። ቀጭን እጅና እግር ላለው ምስል ወይም ለስስ ጉትቻ ግን አልመክረውም፣ ይሰበራል። ያው አምራች የሚሠራው ፕሪሞ ከተጋገረ በኋላ ትንሽ ስለሚተጣጠፍ ለጌጣጌጥ የተሻለ ነው። ፊሞ ከሚባለው ምርት ዓይነቶች ሶፍት የሚባለው ለጀማሪ ይቀላል፤ ፕሮፌሽናሉ ጠንከር ስለሚል ጥቃቅን ቅርጽና ስል ጠርዝ ይይዛል። ሰርኒት የሚባለው ምርት ጠንካራ ሆኖ ብርሃን በመጠኑ ስለሚያሳልፍ የአሻንጉሊት ፊት ላይ ያምራል፣ በእጅ ሙቀት ግን ቶሎ ይለሰልሳል። ካቶ የሚባለውን ምርት ማሸት እውነትም ክንድ ይፈትናል። ቀለማቱ እርስ በርስ ስለማይጨማለቁ ግን ተጠቅልሎ እየተቆረጠ ለሚሠራ ንድፍ ተመራጭ ነው።

የመጋገሪያ ሙቀታቸውም ይለያያል፦ ፊሞ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ስካልፒ 3 እና ፕሪሞ 135፣ ካቶ 150። ጊዜውን በውፍረት አስሉ፤ ለእያንዳንዱ 6 ሚሊ ሜትር 30 ደቂቃ ብትሰጡ አታጡም። የምድጃው ቁልፍ የሚያሳየው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከውስጡ ሙቀት ጋር አይገጥምም። ውድ ክሌይ ከመግዛት በፊት ምድጃ ውስጥ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ግዙ። ነጭና ፈዛዛ ቀለሞች እንዳይጠቁሩ በፎይል ይሸፈኑ። ከ175 ዲግሪ በላይ ካለፈ ፒቪሲው ተበላሽቶ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል ምድጃውን አጥፍታችሁ መስኮት ክፈቱ። ማይክሮዌቭ ፈጽሞ አይሞከርም።

አዲስ ክሌይ ስትይዙ ትልቅ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 8 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ጋግሩ። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ እጠፉት። ቀጭ ካለ ቶሎ አትፍረዱበት፤ ሌላ ቁራጭ በቴርሞሜትር እያያችሁ 30 ደቂቃ ጨምራችሁ ጋግሩ። አሁንም ከተሰበረ ክሌዩ ለቀጭን ሥራ አይሆንም ማለት ነው።

የሚፈረፈር ክሌይ ሁሉ አይጣልም። ሲታሽ ፍርፋሪው ከተያያዘ ደርቆ ነው፤ አንድ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ክሌይ (በፈሳሽ መልክ የተሠራ ፖሊመር ክሌይ) ያድነዋል። የማይደቁ ጠንካራ እንክብሎች ካሉበት ግን ሙቀት ነክቶት በከፊል ተጋግሯል፣ አይመለስም። ከመጠን በላይ ለስልሶ ጣት ላይ የሚጣበቀውን ደግሞ በስሱ ዳምጣችሁ በሁለት ነጭ ወረቀቶች መካከል አሳድሩት፤ ወረቀቱ ትርፉን ማለስለሻ ይመጥጠዋል።

የተረፈውን ከፀሐይ አርቃችሁ፣ ከታች 5 ቁጥር ባለው የፕላስቲክ ሣጥን አስቀምጡ። 6 ቁጥር ያለው ጥርት ያለ ደረቅ ፕላስቲክ ከማለስለሻው ጋር ስለማይስማማ ይቀልጥና ከክሌዩ ጋር ይጣበቃል።