ከኮድ 3 ወደ ኮድ 2

በዳላስ አካባቢ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የጭነት ትራንስፖርት ድርጅት ውስጥ የሾፌሮችንና የተሽከርካሪዎችን ሰነድ እከታተላለሁ። የሜዲካል ካርድ (የሾፌር የጤና ማረጋገጫ) እድሳት፣ የታርጋና የነዳጅ ታክስ ጉዳይ ሁሉ በእኔ ጠረጴዛ በኩል ያልፋል። ሳላጣራ በሰጠሁት አንድ መልስ ምክንያት ግን አንድ አዛውንት ሾፌር መንገድ ላይ ቀርተውብኛል።

እኚህ ሰው የራሳቸውን ትራክ ለድርጅታችን አከራይተው ለዓመታት ከሠሩ በኋላ ጡረታ ለመውጣት ወሰኑ። ትራኩን መሸጥ ስላልፈለጉ አንድ ያገለገለ ተሳቢ ገዝተው የቤት ዕቃቸውን ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ኮሎራዶ ሊወስዱበት፣ ከዚያም እንደ ግል መኪናቸው ሊይዙት አሰቡ። ቢሮ መጥተው፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ የሰው ጭነት አልጭንም፤ ሜዲካል ካርድ ማሳደሱም ሰልችቶኛል። ሲዲኤሉን መልሼ ተራውን መንጃ ፈቃድ ባወጣ ይበቃኛል?» ሲሉ ጠየቁኝ። የፌዴራሉ ሕግ ሲዲኤል የሚባለውን የንግድ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቀው ለንግድ ለሚውል ተሽከርካሪ መሆኑን ስለማውቅ፣ «ይበቃዎታል፣ ጋሼ» አልኳቸው። ሳቅ ብለው «ከኮድ 3 ወደ ኮድ 2 ዞርኩ በለኛ!» አሉ። በአገር ቤት ለንግድ መኪና የሚሰጠውን አረንጓዴ ታርጋና ለግል መኪና የሚሰጠውን ሰማያዊ ታርጋ ማለታቸው ነበር፤ ንጽጽሩ ስለጣመኝ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የቢሮው ስልክ ጮኸ። የደወለው ዊቺታ ፎልስ አቅራቢያ ያስቆማቸው የመንገድ ፖሊስ ሲሆን፣ እኛን ሊያገኝ የቻለው የድርጅታችን ስምና የዶት (የፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) መለያ ቁጥር ገና በትራኩ በር ላይ ተለጥፎ ስለነበር ነው። የኪራይ ውላቸው ሲቋረጥ ያን ጽሑፍ ማስነሳት የእኔ ሥራ ነበር፤ ረስቼዋለሁ።

ዋናው ጥፋት ግን ኪሳቸው ውስጥ የነበረው ክላስ ሲ የሚባለው ተራው መንጃ ፈቃድ ነበር። የፌዴራሉ ሕግ ከንግድ ውጭ የሚነዳውን ሰው ከሲዲኤል ነጻ ያደርገዋል እንጂ ምን ዓይነት መንጃ ፈቃድ ሊይዝ እንደሚገባ አይወስንለትም፤ ያን የሚወስነው ክፍለ ግዛቱ ነው። ቴክሳስ ደግሞ ለግል አገልግሎትም ቢሆን ክብደቱ 26,001 ፓውንድና ከዚያ በላይ ለሆነ ተሽከርካሪ ክላስ ቢ፣ ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ተሳቢ ተቀጥሎበት ድምሩ እዚያ ከደረሰም ክላስ ኤ ይጠይቃል፤ ሲዲኤል ያልሆነ ክላስ ኤ የሚባል መንጃ ፈቃድ ያለውም ለዚሁ ነው። ክብደት ሲባልም ሚዛን ላይ የሚነበበው ሳይሆን ፋብሪካው በሩ ላይ በለጠፈው ሰሌዳ ያሰፈረው ነው። ባለ ሦስት አክስል ትራክ ብቻውን 52,000 ፓውንድ ገደማ ስለሚጻፍበት፣ እኚህ ሰው ተሳቢውን ፈትተው ባዶውን ቢነዱት እንኳ ክላስ ሲ አያዋጣቸውም ነበር።

ነገሩን ያከበደው ሌላም ጉዳይ ነበር። ተሳቢው ውስጥ የአንድ ጎረቤታቸው ሁለት ሶፋዎች ተጭነዋል፤ ጎረቤትየውም «ለነዳጅ ይሁንዎ» ብሎ 300 ዶላር ሰጥቷቸዋል። በእኛ ወግ ይህ ውለታን መካፈል እንጂ ኪራይ አይደለም። ሕጉ ነጻ የሚያደርገው ግን አልፎ አልፎ የሚደረግን፣ ክፍያ የሌለበትንና ለንግድ ያልታሰበን የግል ንብረት ማጓጓዝ ነው፤ ስለዚህ ያ ገንዘብ የሲዲኤሉን ጥያቄ እንደገና ሊያስነሳ ይችል ነበር። ፖሊሱ ይህንን በማስጠንቀቂያ አልፎ በመንጃ ፈቃዱ ብቻ ቀጣቸው። ትራኩን ግን እንዳያንቀሳቅሱ ስለከለከላቸው፣ በዚያው ቀን አንድ ሾፌር ልኬ አስመለስኩት።

ከዚያ በኋላ ፋይላቸውን እንደ አዲስ ከፍቼ ስመረምር ያልነገርኳቸው ብዙ ሆኖ አገኘሁት። ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት የሚሄድ ባለ ሦስት አክስል ተሽከርካሪ በኢፍታ የነዳጅ ታክስ ደንብ ውስጥ ይገባል፤ ከዚህ ነጻ የሚሆኑት ለግል መዝናኛ ብቻ የሚውሉ እንደ ሞተር ሆም ያሉ መኪኖች ናቸው። የቤት ዕቃ የጫነ ሴሚ ትራክ መዝናኛ ነው ብሎ ድንበር ላይ መከራከር ለእኔ አያዋጣም፤ ለአንድ ጉዞ ጊዜያዊ ፈቃድ መግዛት ይሻላል። 55,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚመዘገብ ተሽከርካሪም በየዓመቱ ቅጽ 2290 የሚባለው የከባድ ተሽከርካሪ ታክስ ቅጽ ይሞላለታል። በዓመት ከ5,000 ማይል በላይ የማይነዳ ከሆነ ታክሱ አይከፈልም፤ ቅጹ ግን መቅረቡ አይቀርም። ድርጅቱ ይሸፍነው የነበረው ኢንሹራንስም ከውሉ ጋር አብሮ ቆሟል።

ቅጣቱን ልክፈል ብላቸው እምቢ አሉ። መንጃ ፈቃዱን ለማስተካከል ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ በነዱት ትራክ እንደ ጀማሪ ተፈትነው ክላስ ኤውን ማውጣት ነበረባቸው፤ እኔ በደንብ መልሼላቸው ቢሆን ኖሮ ሲዲኤሉን በመለሱበት ቀን እዚያው መስኮት ላይ የሚጠይቁት ጉዳይ ነበር። ካለፉ በኋላ ቢሮ መጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እሺ፣ ቴክሳስስ ገባኝ። እዚያ መኖር ስጀምር ኮሎራዶ ምን ይላል?»

«አጣርቼ ነገ ልደውልልዎ፣ ጋሼ።»

«አትደውል» አሉኝ፤ «ጽፈህ ላክልኝ።»