እማዬ ካላንደር የምትሰቅልበት ግድግዳ

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! 2018 የጤና፣ የሰላምና የጥጋብ ዓመት ይሁንልን።

ደሴ ዛሬ ጉሙ ቶሎ ተገልጧል። የጦሳ ተራራ ከአናቱ እስከ ግርጌው ወለል ብሎ ይታያል። ሴቶች ልጆቼ አበባየሆሽ ሊሉ በጠዋት ወጥተዋል። የጎረቤት ሽንኩርት ሽታ እዚህ ድረስ ይመጣል። እኔ ደግሞ መዶሻና ሚስማር ይዤ ሳሎን መሃል ቆሜያለሁ።

መስከረም 1 በመጣ ቁጥር እማዬ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ አዲሱን ካላንደር ጠቅልላ ይዛ ትገባ ነበር። ነጠላዋን ሳታወርድ፣ «ነይ ስቀዪልኝ» ትለኛለች። ቦታው አይቀየርም። ከአልጋዋ በላይ፣ ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ። «እዚህ ጋ ቢሆን ብርሃን ያገኛል» ስላት እሺ አትልም። ሚስማሩ አንዳንዴ ይላላል። ያኔ ከጎኑ ሌላ ቀዳዳ እንበሳለን።

እማዬ ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ አረፈች። አርባዋን ካወጣን በኋላ ክፍሏን ሳጸዳ ካላንደሩን አወረድኩት። ከኮርኒሱ ጀምሮ እስከ ግድግዳው ወገብ ድረስ የወረደ ስንጥቅ አየሁ። የትንሿ ጣቴ ጫፍ ይገባበታል። ዙሪያውን የድሮ ሚስማር ቀዳዳዎች ከበውታል። ስንት ዓመት እንደሸፈነችው እንጃ። እኛን እንዳታስጨንቅ ብላ ይመስለኛል።

ይህ ቤት ለእሷ ምን እንደነበር የደሴ ሰው ይገባዋል። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲደርስ ቆልፈነው ወጣን። የሐረጎን ቁልቁለት በእግር ወርደን ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ባገኘነው መኪና ደብረ ብርሃን። ቁልፉን መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራው ነበር። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በሩ ተገንጥሏል። አዲስ በር፣ አዲስ ቁልፍ አስገባን። አሮጌው ቁልፍ ግን እስክታርፍ ድረስ ከመቀነቷ አልተፈታም።

ወንድሜ ከጅዳ ይደውላል። «ሽጪው። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ትንሽ ቤት እንገዛለን፤ አንቺም ከመመላለስ ታርፊያለሽ።» እውነቱን ነው። ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በየቀኑ ያንን ጥምዝምዝ መንገድ ወርጄ እወጣለሁ። ልሽጠው ወይስ ልኑርበት? ዐቢይ ጾምን ሙሉ ይህን ብቻ ጸለይኩ። እንደ ጌዴዎን ምልክት ጠየቅሁ። ገዢው ዛሬ ከደወለ ፈቃዱ ነው እላለሁ። ይደውላል፣ ልቤ ግን አያርፍም። እንግዲያው አይሸጥም ማለት ነው እልና ማታ ተገላብጬ አድራለሁ። ከአልጋዋ በላይ ያ ስንጥቅ አለ።

ግንቦት ላይ ነገሩ ቁርጥ ሆነ። ገዢው ቀብድ ሊከፍል ቀን ቆረጠ። ደላላው ስንጥቁን አይቶት ነበር። «ጂሶ አስመቺው፣ ቀለም ይቀባ፣ አለቀ» አለኝ። ሠራተኛም እሱው ሊያመጣ። እኔም እሺ ብያለሁ። እዚህ ላይ ራሴን ከእናንተ አልደብቅም፤ እሺ ብያለሁ።

በማግስቱ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «አባቴ፣ የእግዚአብሔርን ፈቃድ እንዴት ልወቅ? ሰላም አጣሁ» አልኳቸው። ወንድሜን፣ ቤቱን፣ ኮምቦልቻን፣ ምልክቶቹን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ አንድም ቃል አልተናገሩም። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ለሚገዛው ሰው ስለ ስንጥቁ ነግረሽዋል?» አሉኝ።

አልነገርኩትም ነበር። ሌላ ምንም አልጨመሩም። መስቀላቸውን አሳልመው ሸኙኝ።

ሰውዬውን ያንኑ ማታ ጠራሁት። ስንጥቁን አሳየሁት። በእጁ ዳሰሰው። ወደ ውጭ ወጥቶ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ዳገት አየ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጆች አሉኝ» ብሎ ሄደ። ደላላው ስልክ ላይ የተናገረኝን እዚህ አልጽፈውም። የኮምቦልቻው ቤት ቀረ። እኔ ያን ሌሊት ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኛሁ። አእምሮን ሁሉ የሚያልፍ ሰላም ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ። ያን ሌሊት ቀመስኩት።

ከሦስት ቀን በኋላ ያው ሰውዬ ደወለ። ቤቱን ሊገዛ መስሎኝ ነበር። የግንበኛ ስልክ ሊሰጠኝ ነው። «ጥሩ ሰው ነው፣ አሳዪው፤ ከልጆች ጋር እዚያ ውስጥ አትተኙ» አለኝ። ቤቱን ልትገዛ የነበርከው ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ ባለፈው ዓመት ከተደረገልኝ ሁሉ ይህችን የስልክ ጥሪ አስቀድማለሁ።

ግንበኛው መጥቶ በጣቱ ትንሽ ጂሶ ዛቀ። ስንጥቁ ላይ ሦስት ቦታ እንደ ሳንቲም ለጠፈው። በእርሳስ «ሰኔ 14» ብሎ ጻፈበት። «ጂሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው፤ ደህና ከሆነ ቆሟል ማለት ነው» አለኝ። የእኛ ሰፈር አፈር ልል ነው፣ ከሥሩ ዓለት አለ። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ይከብድና ይንሸራተታል። ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው በዓለትና በአሸዋ ላይ ስለተሠሩት ቤቶች ማቴዎስ የጻፈውን ሲሰማ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሐምሌን ደህና አለፍን። ነሐሴ 9 ጠዋት፣ በፍልሰታ፣ ስነሳ መካከለኛው ጂሶ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አየሁ። በእርሳስ የተጻፈውን ቀን መሃል ለመሃል ከፍላዋለች።

የዚያን ዕለት የመጡልኝን ሰዎች ሳላመሰግን መስከረም አይጥባብኝ። የዕድራችን ጎልማሶች አካፋና ዶማ ይዘው በዝናብ ከቤቱ በላይ ቦይ ቆፈሩ። ውሃውን ከግድግዳው አራቁልኝ። ሁለቱ ከመስጊድ በቀጥታ የመጡ ነበሩ። ጎረቤታችን እማማ፣ የእናቴ የቡና ጓደኛ፣ «አብሽሪ! ልጆቹ እኔ ጋ ይደሩ» ብለው ፍራሽ አነጠፉ። እስከ ጳጉሜን ድረስ ዝናብ በከበደ ቁጥር ልጆቼ እርሳቸው ቤት አድረዋል። ማታ ዱዓ ሲያደርጉ የእናቴን ስም ይጠራሉ። እማማ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ጳጉሜን 3 ለሩፋኤል ዘነበ። እማዬ ቢሆን ኖሮ ልጆቹን ይዛ ጠበሉ ስር ትቆም ነበር። እኔ መጀመሪያ ሮጬ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ከዚያ ወጣሁና ቆምኩ። እየፈራሁም ቢሆን ቆምኩ።

እማዬ በየጠዋቱ ዳዊቷን ስትደግም «እግዚአብሔር ቤትን ካልሠራ፥ ሠራተኞች በከንቱ ይደክማሉ» የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ ታደርግ ነበር። አሁን እኔ ነኝ የምደግመው። ቤቱን ምን እንደማደርገው ገና አልወሰንኩም። ወንድሜም «አንቺ እንዳልሽ» ብሏል። ስጸልይ ግን ምልክት መጠየቅ ትቻለሁ። መስከረም 21 ከሞላልኝ ግሸን ወጥቼ ስሟን አስጠራለሁ።

ዘንድሮ ቤት ለምትገዙ ወዳጆቼ፣ እውነቱን የሚነግር ሻጭ ይስጣችሁ። ለምትሸጡ፣ ጂሶውን ከመምታታችሁ በፊት አንድ ሌሊት እግዚአብሔር ያናግራችሁ። ለምትከራዩ፣ በየሦስት ወሩ የማይጨምር አከራይ። እናታችሁ በሕይወት ያለች ደግሞ፣ ዛሬ ሄዳችሁ ካላንደሯን ስቀሉላት። ከኋላውም አንዴ ተመልከቱ።

የእኔን ካላንደር ጓዳ ሰቀልኩት። ቡናም ዘንድሮ የሚፈላው እዚያው ነው። ከሰዓት ኑ። በፊት ለፊቱ በር አትምጡ፣ ተቆልፏል። በጓሮ በኩል ዙሩ። ቦዩ ላይ ሳንቃ ተጋድሟል፤ ሕፃናት ከያዛችሁ እጃቸውን ያዙ።