ድምሩ ልክ 1 ነበር

የምሠራው የአውቶቡስ መለዋወጫ በሚያከማች ስቶር፣ ዕቅድ ክፍል ውስጥ ነው። ግዢ ከማዘዛችን በፊት ዕቃው በቀን ስንት እንደሚጠየቅ እናሰላለን። አንድ ጎበዝ ልጅ የፍሬን ሸራውን ሠንጠረዥ ሠርቶ አመጣልኝ፤ በአንድ ቀን ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት እያለ ስንት ሸራ የመጠየቁን ዕድል በየመስመሩ የሚያሳይ ነው። የ100 የሥራ ቀን መረጃ ነው። በቀን ከ4 በላይ ተጠይቆ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ድምሩን አይቼዋለሁ፤ 1 ነው» አለኝ።

እውነትም 1 ነው። ያወጣው አማካይ፣ በቀን 1.23፣ ማንንም አያጠራጥርም። መስመር በመስመር ሳየው ግን እንዲህ ይላል፦ ዜሮ 0.20፣ አንድ 0.35፣ ሁለት 0.39፣ ሦስት 0.14፣ አራት −0.08።

ጭራሽ የማይሆን ነገር እንኳ ዕድሉ ዜሮ ነው፤ ከዚያ በታች መውረጃ የለም። እንዲህ ለእያንዳንዱ ቁጥር ዕድል የሚሰጥ ፈንክሽን የዕድል ስርጭት ለመባል ሁለት ነገር ያሻዋል፦ ድምሩ 1 መሆን፣ እያንዳንዱ ዋጋም ከዜሮ አለማነስ። ልጁ ያየው አንዱን ብቻ ነው።

ታዲያ ድምሩ እንዴት 1 መጣ? የኤክሴሉን የመጨረሻ ሴል ስጫነው ጉዱ ወጣ። አራትን ቆጥሮ አላስገባም፤ የላይኞቹን ድምር ከ1 ቀንሶ ነው የሞላው። እንዲህ ከተሠራ፣ ከላይ ባሉት መስመሮች የፈለገ ስህተት ቢኖር ድምሩ ሁሌም 1 ይመጣል። ይሄ ልማድ በጣም ያሳስበኛል፤ ማጣራት ይመስላል እንጂ ምንም አያጣራም።

ለምን እንዳደረገው ጠየቅኩት። ቀደም ሲል ሌላ ሠንጠረዥ ላይ 0.33 ሦስት ጊዜ ተደምሮ 0.99 ሲመጣ «አልሞላም» ተብሎ ተመልሶበታል። ያ ግን የማጠጋጋት ጉዳይ ነበር፤ የቀኖቹ ቁጥር ከሞላ ጣጣ የለውም።

አለቃችን ቸኩለዋል። «ኔጌቲቩን ዜሮ አድርጉትና የቀሩትን ለ1.08 አካፍሉ» አሉ። እንደዚያ ቢደረግ ሠንጠረዡ ሁለቱንም መስፈርት ያልፋል። እውነት ግን አይሆንም። አራት ሸራ የተጠየቀባቸው ቀኖች መዝገቡ ላይ አሉ፤ እኛ «በጭራሽ አይጠየቅም» ልንል ነው። «ኧረ ይቆዩን፣ መጀመሪያ መዝገቡን እንየው» አልኳቸው።

ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን የዕቃ መጠየቂያ ፎርሞቹን አገላበጥን። ስህተቱ ሁለት የሚለው መስመር ላይ ነበር። ፎርሙላው ሦስት የተጠየቀባቸውን 14 ቀኖችም አብሮ ይቆጥራል፤ እነሱ ደግሞ በራሳቸው መስመር ላይ አሉ። ሁለት ወደ 0.25 ወረደ። አራት ለብቻው ሲቆጠር 0.06 ሆነ። ቀኖቹም 20፣ 35፣ 25፣ 14፣ 6፤ በድምሩ 100።

አማካዩ ወደ 1.51 ወጣ። የታዘዘ ሸራ እጃችን እስኪገባ 30 የሥራ ቀን ይፈጃል። በፊተኛው ስሌት 37 ይበቃ ነበር፤ በትክክለኛው ግን መጠባበቂያውን ሳይጨምር 46 ያስፈልጋል። አለቃችን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አይተው ለ46ቱ ፈረሙ። ልጁም እዚያው የመጨረሻዋን ፎርሙላ አጥፍቶ፣ ከሠንጠረዡ በታች ትንሹን ዋጋ የምታሳይ አንዲት ሴል ጨመረ።