ሴንሰሩ አልዋሸም ነበር

የቼክ ኢንጂን መብራቱ ከጠፋ ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። በዚህኛው ዙር ያጠፋሁት አንድም ሴንሰር ሳልገዛ ነው። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም።

የመጀመሪያዎቹን ወራት አላበዛባችሁም። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ገዛሁ፣ የብልሽት ኮድ ማንበብ ለመድኩ፣ ኮዱ የጠራውን ዕቃ መቀየር ጀመርኩ። ፒ0171 ሲመጣ አየር በዝቷል፣ ነዳጅ አንሷል ማለት እንደሆነ ተረዳሁ። ይህን የሚናገረው ኦክስጅን ሴንሰሩ ስለሆነ እሱ ተበላሽቷል ብዬ ቀየርኩት። በሦስተኛው ቀን ያው ኮድ ተመለሰ። ደህናውን ሴንሰር ነቅዬ ነው የጣልኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሴንሰሩ የሚያየው ጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ነው። የተለመደው ዓይነት ሲሞቅ ቮልቴጁ ከ0.1 እስከ 0.9 ይመላለሳል። ዝቅ ካለ ኦክስጅን በዝቷል። ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም። ከሱ በፊት ጭስ ማውጫው ተሰንጥቆ የውጭ አየር ሊገባ ይችላል። አንዷ ካንዴላ እሳት ካልሰጠችም አየሩ ሳይቃጠል ይወጣል። በሁለቱም ሴንሰሩ ያየውን ነው የተናገረው።

በዚህኛው ዙር ዓይኔን የጣልኩት ፊውል ትሪም ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ነዳጁን በስንት በመቶ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር ነው። ስካነር እያለው ይህን የማያይ ሰው ዕቃ በግምት እየቀየረ ነው ባይ ነኝ። የአጭር ጊዜው ትሪም (የአሁኑ እርማት) እና የረጅም ጊዜው (ኮምፒውተሩ የተማረው) ድምር በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ፣ +22 ነበር። ነዳጅ ሰጥቼ 2500 ዙር ላይ ስይዘው ወደ +5 ወረደ። በቀዳዳ የሚገባ አየር በሚኒሞ ድርሻው ትልቅ ነው፤ ሞተሩ ብዙ ሲስብ ግን እዚህ ግባ አይባልም። ጭነት ሲበዛ የሚጨምር ቢሆን ኖሮ የነዳጅ ፓምፑን ወይም የአየር መለኪያውን እጠረጥር ነበር።

ቀዳዳውን ፍለጋ የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። ኮፈኑን ከፍቼ ቱቦዎቹን በባትሪ አየሁ፤ ሁሉም ደህና ይመስላሉ። ቀዳዳውን ለማግኘት ጋዝ ወይም ማጽጃ ንፋ የሚሉ አሉ። በጋለ ሞተር ላይ የሚቀጣጠል ነገር መንፋትን አጥብቄ እቃወማለሁ። አየር ወደ ሞተሩ ከሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ጀርባ የሞተሩን ትንፋሽ የምትመልስ አጭር የጎማ ቱቦ አለች። ከላይ አዲስ ትመስላለች። ጣቴን ከሥሯ ስሰድ መጀመሪያ ዘይት፣ ቀጥሎ ስንጥቅ ነካሁ፤ የጥፍር ያህል ነው። አውራ ጣቴን ጫን ሳደርግበት የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፣ የአጭር ጊዜው ትሪም ቁልቁል ወረደ። ጣቴን ሳነሳ ተመልሶ ወጣ። አምስት ጊዜ ደጋገምኩት። በማግስቱ ቱቦዋን ቀየርኳት።

ፒ0135 ከሆነባችሁ ነገሩ ሌላ ነው፤ የሴንሰሩን ማሞቂያ መስመር ነው የሚመለከተው። ያም ቢሆን አስቀድማችሁ ፊውዙን እዩ፣ ቀጥሎ ሶኬቱ ላይ ኃይል መድረሱን። ከዚያ የማሞቂያውን ኦም ለኩ። ማሞቂያው ውስጡ ተቋርጦ ከሆነ ያኔ ሴንሰሩን ግዙ።

አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ኮዱ ሲመዘገብ የነበረውን መረጃ ሳልጽፍ ኮዱን ቶሎ አጠፋሁት። በብዙ መኪና ላይ ኮድ ሲጠፋ የተማረው ትሪም አብሮ ይጠፋል። እንደገና እስኪሰበሰብ ቀናት ጠበቅኩ። አሁን መጀመሪያ ፎቶ አነሳለሁ።

ቀጣዩ ፒ0420 (ጭሱን የሚያጣራው ካታሊስት በሚገባ አይሠራም የሚል ኮድ) ያለበት የጓደኛዬ መኪና ነው። ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ከሱ በፊት እንዳለው ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፤ ይህ ወደ ካታሊስቱ ይጠቁማል። እኔ ግን መጀመሪያ ጭስ ማውጫው ላይ ስንጥቅ እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ እጀምራለሁ።