አንድ ኮለም የጨመሩ ቀን

ሀዋሳ ላይ ሶፍትዌር ስትሰራ ደንበኛህ ወይ ሆቴል ነው ወይ ቡና ነው፣ የኛው ቡና ነበር። ስሙ ይቅርና ከሲዳማ ወረዳዎች እሸት ቡና ከገበሬ እየገዛ የሚያጥብ ድርጅት ነው። የየጣቢያው መዝጋቢ የቀኑን ግዢ ኤክሴል ላይ ይሞላል፣ ማታ በቴሌግራም ሀዋሳ ይልካል፣ የኛ ፕሮግራም ፋይሉን አንብቦ ለእያንዳንዱ ገበሬ ስንት እንደሚከፈል ሊስት ያወጣል፣ ገንዘብ ያዥዋ ፕሪንት አድርጋ ይዛው ትወጣለች።

ህዳር ላይ ነው፣ ቡናው ቀልቶ ጣቢያዎቹ እረፍት በሌላቸው ሰሞን፣ ጠዋት ገንዘብ ያዥዋ ደወለች። ‹‹ወንድሜ፣ ይሄ ሊስት ምን ሆኖ ነው? ግማሹ ገበሬ ዕዳ አለበት ይላል እኮ!›› ከፍቼ ሳየው እውነትም የክፍያው ኮለም (ዓምድ) ሲቀነስ 50፣ ሲቀነስ 50 እያለ ይወርዳል። 50 ብር ደግሞ የዛን ቀን የአንድ ኪሎ ዋጋ ነው። የግዢ ኃላፊው ጋ ደወልኩ፣ ትልቅ ሰው ናቸው።

‹‹ጋሼ፣ ፋይሉ ላይ የቀየራችሁት ነገር አለ እንዴ?››

‹‹ኧረ ምንም አልነካንም ልጄ። ከኪሎው ቀጥሎ ተቀናሽ የምትል ነገር ብቻ ነው ያስገባነው፣ ያልበሰለውንና ውሃ የያዘውን የምንቀንስባት።››

እሳቸው ምንም አላጠፉም። ኤክሴል ላይ ኮለም ማስገባት የማንም መብት ነው፣ ስራቸው ጠይቋቸው ነው ያስገቡት። ችግሩ ድርጅቱ ከሌላ ሰው የተረከበውና እኛ እንድናስተዳድረው የተሰጠን ኮድ ሮውን (የሠንጠረዡን አንድ መስመር) እንደ ተራ ሊስት ነው የሚያየው፤ ከዜሮ ስትቆጥር ሮው[4] ኪሎ፣ ሮው[5] ዋጋ፣ ሮው[6] ቅድሚያ የወሰደው ብር። ክፍያ ማለት ሮው[4] ሲባዛ በሮው[5] ሲቀነስ ሮው[6]፣ አለቀ። ተቀናሽ መሀል ስትገባ ሁሉም በአንድ ተገፋ። 62 ኪሎ ያመጣ፣ 3 ኪሎ የተቀነሰበት፣ 500 ብር ቅድሚያ የወሰደ ገበሬ 62 ሲባዛ በ3 ሲቀነስ 50 ሆኖ 136 ብር ወጣለት። ተቀናሽ የሌለበት ደግሞ ዜሮ ሲቀነስ 50። ኤረር የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ቁጥር ስለሆነ ፓይተን (ኮዱ የተጻፈበት ቋንቋ) በደስታ አባዝቶ ቀንሶ ጨረሰ። ይሄ ነው እኔን የሚያስፈራኝ፣ ሰው ሌሊት ተነስቶ የለቀመው ቡና ነው እኮ።

የዛን ቀን ክፍያ እዛው ኤክሴሉ ላይ ፎርሙላ ጽፈን አወጣንላቸው፣ ገንዘብ ያዥዋ ሄደች። ከዛ አብሮኝ የሚሰራው ልጅ ‹‹5ቱን 6፣ 6ቱን 7 እናድርገውና እንገላገል›› አለ፣ ግን ኮዱ ውስጥ እነዚህ ቁጥሮች ያልገቡበት ፋይል የለም፣ 5 ብለህ ሰርች ስታደርግ የኮለሙ 5 ከሌላው 5 በምን ይለያል?

ስለዚህ ክላስ ጻፍን፣ ዳታውንና እሱ ላይ የሚሰራውን ስሌት አንድ ላይ የሚይዝ የኮድ ክፍል ማለት ነው። አንዱ የግዢ ሠንጠረዥ፣ ሌላው የግዢ ሮው። ፋይሉ የሚከፈተው ሠንጠረዡ ውስጥ ብቻ ነው፣ የትኛው ኮለም የት እንዳለ ከራስጌው (የኮለሞቹ ስም ካለበት መስመር) አንብቦ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ሌላው ኮድ ሮው.ኪሎ፣ ሮው.ዋጋ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ቁጥር አይነካም። (ፓይተን 3 በአማርኛ ፊደል ስም መስጠት ስለሚፈቅድ እንዲሁ በአማርኛ ነው የጻፍነው፣ ገንዘብ ያዥዋ ራሷ አጠገባችን ቁጭ ብላ ፎርሙላውን አንብባ አረጋግጣልናለች።) ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ የአይቢኤሙ ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ (Codd) እ.ኤ.አ. በ1970 የሪሌሽናል ሞዴልን (ዳታን በሠንጠረዥ የማደራጀት ዘዴን) ሲያቀርብ ተጠቃሚው የኮለም ቅደም ተከተል እንዲያስታውስ ሊገደድ አይገባም፣ በስም ይጥራው ብሎ ነበር። ራስጌው ላይ አንዱ መዝጋቢ ሒሳብ ሌላው ሂሳብ እያለ ይጽፋል፣ ለኮምፒውተሩ ሒ እና ሂ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፣ ስለዚህ ሀ ሐ ኀን፣ ሰ ሠን፣ ጸ ፀን እና አ ዐን ወደ አንድ የሚያመጣውንና ትርፍ ስፔስ የሚያጸዳውን ነገርም እዛው ሠንጠረዡ ውስጥ ከተትነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቆም ይመስለኛል፣ መቆም ግን የለበትም። እስኪ ያንን ገበሬ በአዲሱ ክላስ አስሉት። ኪሎ በስም 62፣ ዋጋ በስም 50፣ ቅድሚያ 500፣ ውጤቱ 2,600 ብር። ያምራል አይደል? ልክ ግን አይደለም፣ 3 ኪሎው አልተቀነሰም፣ ትክክለኛው 2,450 ነው። 136 ብርን ገንዘብ ያዥዋ በአንድ እይታ ነው የያዘችው፣ 2,600ን ግን ማንም አይጠረጥርም፣ ከፍላ ትመጣ ነበር። ኮለምን በስም መጥራት የሚጮኸውን ስህተት ዝም ወደሚል ስህተት ሊቀይረው ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ የማያውቀው ኮለም ሲያይ አልፎ እንዳይሄድ አደረግን፣ ቆሞ ‹‹ተቀናሽ የሚባል ኮለም አለ፣ ምን ላድርገው?›› ይላል። ስሌቱም ወደ ሮው ክላሱ ገባ፣ ሮው.የተጣራ_ኪሎ የሚባል ፕሮፐርቲ (በስም ስትጠራው አስልቶ የሚመልስ) አለ፣ ክፍያም ሪፖርትም የጣቢያ ድምርም ከሱ ነው የሚወስዱት፣ ማንም በየፋይሉ ኪሎ ሲቀነስ ተቀናሽ ብሎ አይጽፍም።

የቸገረን ፍጥነት ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ሮው ሙሉ ኦብጀክት (ከክላሱ የሚፈጠር ራሱን የቻለ ነገር) አድርገን ሚሞሪ ላይ ስንጭነው የድርጅቱ አሮጌ ኮምፒውተር የሙሉ ወቅቱን መዝገብ ሲከፍት ተንፈራፈረ። ፓይተን ላይ አንድ ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ለብቻው ኦብጀክት ሲሆን 24 ባይት ይይዛል፣ አሬይ (ቁጥሮች ተከታትለው የሚቀመጡበት) ውስጥ ሲደረደር ግን 8 ባይት ይበቃዋል፣ በዛ ላይ እያንዳንዱ ኦብጀክት የራሱን ዲክሽነሪ (በውስጡ ያለው ዳታ በስም የተመዘገበበት) ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ገለበጥነው፣ ዳታው ኮለም በኮለም ሠንጠረዡ ውስጥ ባለ አሬይ ተቀመጠ፣ ሮው ደግሞ ሠንጠረዡ ላይ ያረፈ ጣት ሆነ፣ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ኪሎ ስትለው ሄዶ ከሠንጠረዡ ያመጣል። ሉፕ ስታደርግ (መስመሮቹን አንድ በአንድ ስታልፍ) ይፈጠራል፣ ስትጨርስ ይጠፋል። ድምር ስትፈልግ ሮው የሚባል ነገር ሳይፈጠር ቀጥታ በኮለሙ ላይ ነው የሚደመረው። ከውጭ ለሚጠቀመው ሰው ምንም አልተቀየረም፣ ያው ሮው.ኪሎ ነው፣ ክላስ መጻፍ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው።

አሁን የቀረን ክርክር አብሮኝ የሚሰራው ልጅ ‹‹ሠንጠረዡ ጥሬ ዳታውን የሚሰጥ ሜተድ (ክላሱ ሲጠየቅ የሚሰራው ስራ) ይኑረው፣ ሪፖርቴን እንደፈለግኩ ልስራ›› የሚለው ነው። ይገባኛል፣ ግን ጥሬውን አሬይ አንዴ ካወጣኸው ነገ ሌላ ሰው አሬይ[5] ብሎ ይጽፍበታል፣ ከፈለገም እላዩ ላይ ይቀይረዋል። የተስማማነው ኮፒ ይሰጠው በሚለው ነው፣ እሱም ለኤክሴል ኤክስፖርት ብቻ። ሪፖርት ግን የሚፈልገውን ድምር ሠንጠረዡን ይጠይቅ፣ ሠንጠረዡ የማይመልሰው ጥያቄ ከመጣ ሜተዱን እዛው እንጨምርለታለን። በቀበሌ የሚደምረው እንደዛ ነው የገባው፣ በቀደም ደግሞ ጋሼ በየሳምንቱ የሚያወዳድር ፈልገው እሱን እየጻፍን ነው።