እግሯ ወፍራም ሞተር

ከብት አዳቃይ ነኝ። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ በሰሜን ሸዋ ገጠሮች በሞተር እየዞርኩ ላም አዳቅላለሁ። ገበሬው "ዶክተር" ይለኛል። መጀመሪያ ላይ "ዶክተር አይደለሁም" እል ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከአንድ የተዘጋ ፕሮጀክት ሁለት ሞተሮች ወደ መሥሪያ ቤታችን ሲዛወሩ ነው። ግንቦት ነበር። ሁለቱም 250 ሲሲ፣ ሁለቱም አንድ ቀለም። የሚለያዩት ከወገብ በታች ነው። አንዷ ረጅም ናት። የፊት ጎማዋ 21 ኢንች፣ የኋላው 18፣ ቀጭንና ጥርሳም። ዱዋል ስፖርት የሚባለው ዓይነት፤ አስፋልቱንም ገጠሩንም ትችለዋለች። ሌላዋ ሱፐርሞቶ ናት። ሁለቱም ጎማዎቿ 17፣ ሰፋፊ፣ ለአስፋልት የተሠሩ። ሞላዋ ጠንካራ ነው። የፊት ፍሬኗ ዲስክ ሰሃን ያህላል።

ምርጫው በአገልግሎት ዘመን ሆነ። እኔ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ባልደረባዬ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። "ጋሼ፣ እርስዎ ይምረጡ" አለኝ። ምን ትጠብቃላችሁ? ሱፐርሞቶዋን መረጥኩ።

እውነቱን ለመናገር አንዱ ምክንያት ቁመቴ ነው። ረጅሟ ላይ ስወጣ እግሬ መሬት አይደርስም፤ የጣቴ ጫፍ ብቻ። ሱፐርሞቶዋ ላይ ሁለቱም ተረከዞቼ መሬት ይረግጣሉ። ሌላው ምክንያት ታምራለች። የግቢው ዘበኛ ሳይቀር ዞሯት፣ "ይቺ የጎረምሳ ናት" አለኝ። 40 ዓመት ላለፈው ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

ለአለቃዬ የነገርኩት ምክንያት ግን ሌላ ነበር። "መንገዴ አብዛኛው ደህና ነው፤ ክፉው መጨረሻ ላይ ያለው 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው" አልኩ። የእኔ ክልል በደነባ በኩል ነው። ያ አገር ዋልካ ነው። ግንቦት ላይ ዋልካ እንደ ሸክላ ይደርቃል፣ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ግን ያስኬዳል። የባልደረባዬ ክልል ደግሞ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም እስከ ሸዋ ሮቢት ነው። ረጅሟ ሞተር ለእሱ ደረሰችው። አስፋልቱ የእሱ፣ ጭቃው የእኔ፤ ሞተሮቹ ግን ተገላቢጦሽ። ይህን ያኔ ማንም አላየውም፤ እኔም ጭምር።

ሰኔን በሰላም አሳለፍኩት ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር። ኮረኮንቹ ላይ ሞተሯ ጥርስ ታንቀጫቅጫለች። የእኔ ጥርስ ይቻላል፤ ከኋላ የማስራት የናይትሮጅን ኮንቴይነር ግን አትችልም። ላሟን የማዳቅልበት የኮርማ አባለዘር የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ባለ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ኮንቴይነሯ እንደ ፔርሙስ ድርብ ግድግዳ አላት፤ በመሀሉ አየር የለም። አንገቷ ስስ ነው። ደጋግማ ከተናጠች ይሰነጠቃል፣ ናይትሮጅኑ ቶሎ ተንኖ ያልቃል። ከውጭ በረዶ አውጥታ ካገኛችኋት አለቀላት ማለት ነው። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ እየቆምኩ ሆዷን በእጄ እዳብሳታለሁ። ልክ እንደ እርጉዝ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ባልቴት ደወሉልኝ። ያለቻቸው አንዲት ዲቃላ ላም ናት። "ዶክተር፣ ላሚቱ ኮርማ ፈልጋለች። ከቀትር ጀምሮ ትጮኻለች" አሉ።

የእኛ ሥራ ሰዓት ነው። ጠዋት የታየች ላም ከሰዓት በኋላ ትዳቀላለች፤ ማታ የታየች ደግሞ በማግስቱ ጠዋት። ድራቱ፣ ማለትም ላሚቱ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ሰዓታት ነው የሚቆየው። ካለፈ ሌላ 21 ቀን ጥበቃ ነው። አንድ ላም ላለው ቤት 21 ቀን ቀላል አይደለም። ላሚቱ ሳታረግዝ ትበላለች፤ ወተቱም በዚያው ልክ ይዘገያል።

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ዋናውን መንገድ ደስ እያለኝ ጨረስኩት፤ ሱፐርሞቶ እዚያ ላይ አትታማም። 3 ሰዓት ሳይሞላ እደርሳለሁ ብዬ ወደ ቀበሌው ታጠፍኩ።

መቶ ሜትር አልሄድኩም። ዋልካው የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ አደረገው። ቀጥሎ ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ተጠቀለለ። የኋላው ጎማ ከመስፋቱ የተነሳ በእሱና በሹካው መሀል ጣት አይሾልክም፤ እዚያ ጭቃ ሲጠቀጠቅ ጎማው ቀጥ አለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም። ፍሪሲዮኑ ሸተተኝ።

ለሥራችን እስከ ትከሻ የሚደርስ የፕላስቲክ ጓንት አለን። ምን እንደምንሠራበት ከብት ያለው ሰው ያውቃል። አምስት ይዤ ነበር። አንዱን አጠለቅኩና ጭቃውን እየዛቅኩ አወጣሁ። ሃያ ሜትር ሄድኩ፤ እንደገና ቀጥ። ድንጋይ ቀዶት ሁለተኛውን አጠለቅኩ። ሦስተኛውንም። አንድ ሰው በፈረስ መጣ። አየኝ። "እሷን ሽጥና ፈረስ ግዛ" ብሎኝ ሳይቆም አለፈ።

አራተኛው ጓንት ላይ ስደርስ ከብት የሚጠብቁ ሁለት ልጆች ከበቡኝ። ትልቁ ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየና "ጋሼ፣ የርስዎ ሞተር እግሯ ወፍራም ነው" አለኝ። "አምና ይመጣ የነበረው ሰውዬ ሞተር ቀጭን ነበረች። ጭቃውን ትቆርጠዋለች እንጂ አትለብሰውም።"

ሁለት ወር ሙሉ ያላሰብኩትን ልጁ በአንድ አፍታ ጨረሰው። ቀጭን ጎማ ለስላሳውን ሰንጥቆ ከሥር ጠንከር ያለውን መሬት ይፈልጋል፤ ጥርሱ ራቅ ራቅ ስለሚል ጭቃውን ያራግፋል። ሰፊ ጎማ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ይለብሳል። እኔ የመረጥኩት ኪሎ ሜትር ቆጥሬ ነበር። ከመቶ ዘጠናው ጥሩ ነው ብዬ። ላሚቱ ያለችው ደግሞ በቀሪው አሥር ውስጥ ነው።

ሞተሯን ለልጆቹ አደራ ብዬ ኮንቴይነሯን ተሸክሜ በእግሬ ሄድኩ። በዋልካ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል። ጫማዬ ሁለት ጊዜ ከእግሬ ወልቆ ቀረ፤ ሁለቴም ተመልሼ ነቀልኩት። ስደርስ 9 ሰዓት ሆኗል። ላሚቱ ተኝታ ታመሰኳለች። ጩኸቱ የለ፣ መቅበጥበጡ የለ። በቀረችኝ አንዲት ጓንት ሥራዬን ሠራሁ፤ ነገር ግን ልቤ አውቆታል።

"እትዬ፣ ዘግይቻለሁ። ላይዝ ይችላል" አልኳቸው።

"መንገዱ ነው እንጂ አንተ ምን ታደርግ ልጄ" አሉኝና ቆሎ አቀረቡ።

መንገዱ አልነበረም። ግን ቆሎውን በላሁ።

ቢሮ ስመለስ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እኔው መርጬ እኔው ላማርር? ከሳምንት በኋላ ሻይ እየጠጣን ባልደረባዬን "ያቺ ረጅሟ እንዴት ናት?" አልኩት እንደ ዘበት። ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ? ጣርማ በር ላይ ልታስበላኝ ነበር።" ጉም ነው፣ አስፋልቱ እርጥብ ነው፣ ኩርባውን ሲጨርስ የቆመ አይሱዙ ፊቱ ድቅን አለ። ፍሬን ሲይዝ ያ ጥርሳም ጎማ አስፋልቱን አልጨበጠለትም፤ ኋላዋ ወደ ገደሉ ዞረ። መኪናው ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"እርስዎ መርጠው የተረፈውን ነዋ የያዝኩት። መልሱልኝ እንዴት ይባላል?"

እኔን ኩራት፣ እሱን ይሉኝታ ይዞን ሁለታችንም ልንሞት ነበር።

ደብረ ብርሃን ያለው መካኒካችን ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። "ሞተሩ አንድ ነው፤ ጫማው ነው የተለያየው" አለን። ኋላ ስጠይቅ ፋብሪካዎቹም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ሱዙኪ ያንኑ ዲአር-ዜድ 400 ሞተር በሁለት መልክ ይሸጥ ነበር። ኤስ የተባለው 21 እና 18 ጎማ አለው፤ ኤስኤም የተባለው ሁለቱም 17 ሆኖ የፊት ዲስኩ ከ250 ወደ 310 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ሱፐርሞቶ የሚባለው ነገር ራሱ በፈረንጆቹ 1979 የአሜሪካ ቴሌቪዥን ካዘጋጀው ውድድር የመጣ ነው። የአስፋልቱንም የአፈሩንም ተወዳዳሪ በአንድ ሜዳ አጋጥመው ማን ይበልጣል ለማለት። ሜዳው ግማሹ አፈር ነበር ይላሉ። አፈር ሲሉ ዋልካ አላዩም።

ጎማ ልቀይርላት ብዬም አስቤ ነበር። ጎሚስታው ጋ 17 ቁጥር ሞልቷል፤ ግን የቦክሰር ሞተር ጎማ ነው፣ ቀጭን፣ ለእሷ ሰፊ ቸርኬ አይሆንም። የቀረው መለዋወጥ ነው። ሞተሮቹ በየስማችን በሞዴል 22፣ በንብረት ማውጫው ቅጽ፣ ወጥተዋል፤ ለመመለስና እንደገና ለማውጣት የንብረት ክፍሉ 12 ቀን ፈጀብን። አለቃችን ፊርማውን ሲያሳርፍ "መጀመሪያውኑ መንገዳችሁን አትነግሩኝም ነበር?" አለ። ነግረነዋል። የጠየቀው ግን የአገልግሎት ዘመናችንን ነበር።

ባልደረባዬ አሁን ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ያፏጫል አሉ። ከሸዋ ሮቢት ሲመለስ የሚያወራው ስለ ፍሬኗ ነው።

እኔ ደግሞ በ21ኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው። "ደገመች" አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። በማግስቱ በረጅሟ ሄድኩ። ያው ጭቃ፣ ያው መታጠፊያ። ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ፤ ግን አልቆምኩም። 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ግቢያቸው ነበርኩ። ላሚቱ እየጮኸች ጠበቀችኝ።

ችግሩ መውረዱ ነው። እግሬ መሬት አይደርስም፤ ግቢው ውስጥ ከነሞተሬ ዘንበል ብዬ አጥሩ ላይ ተደገፍኩ። እትዬ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። ሳምንት ቆይቼ ላሚቱን ለማየት ስመለስ በራቸው ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጦ አገኘሁ።

"ይሄ ምንድን ነው እትዬ?"

"የአንተ ነው፣ እግርህን አሳርፍበት" አሉኝ።